የተከደነ ውሃ

ገላጣ በሚባለው ከተማችን ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ከቧንቧው የመጣውን የባሕር ውሃ ገበታው ላይ ይሞላል፣ ገበታውን ወደ ፀሐይ ያቀናል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በምዕራብ በኩል ባለው መሰላል ይወርዳል። በምሥራቅ በኩል መሰላል የለም። በዚያ ቢወረድ የወራጁ ጥላ ገበታው ላይ ያርፋል። ልጆች መራመድ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚማሩት ነገር ብርሃን ላይ አለመቆምን ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ «ፀሐይ አገኛችሁ?» ይባባላል፤ መልሱ «ተመስገን» ነው፣ ባይገኝም።

ከተማው ዛፍ የለውም። ታዛም የለውም። በረንዳ የሚባል ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ደጋ እያለሁ ነው። የልብስ ማስጫ ገመድ ከወገብ በላይ አይወጠርም፣ ጃንጥላ የሚሸጥ ሱቅ ፈልጋችሁ አታገኙም። እኔ ኮረዳ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ሥራ ፍለጋ ስወርድ ይህ ሁሉ እብደት ይመስለኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም፣ እንኳን ፀሐይን።

ገበታው ነጭ ነው፣ ሲነኩት የሚሻክር ልባስ አለው። ብርሃን ሲያርፍበት «ነቃ» እንላለን፣ ብርሃን ሲያጣ «ተኛ»። የነቃ ገበታ ውሃው ውስጥ ያለውን ጀርም ሁሉ ይጨርሳል፤ የተኛ ገበታ ትልቅ ትሪ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ከቀትር በኋላ የየቤቱ ውሃ ተለቅቆ በአንድ ቦይ ይወርዳል። ግማሹ ጨው ማውጫ ይገባና የምንጠጣው ይሆናል። ግማሹ ጨውን እንደያዘ የሰፈሩ የዓሣ ጫጩት ቤት ይገባል። ጫጩቶቹ ጥፍር የማያክሉ ናቸው፤ ቆሻሻ ውሃ ካገኛቸው ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ለመንሳፈፍ ቀን አይፈጅባቸውም። ሰፈሩ የሚበላው እነሱ ሲያድጉ ነውና የአንዱ ቤት ውሃ የሁሉም ቤት ውሃ ነው።

እንዲህ ባለ ከተማ «ጥላ» የሚለው ቃል ስድብ ቢሆን አይገርምም። ሁለት ጎረምሶች ሲጣሉ የመጨረሻው ቃል «አንተ ጥላ!» ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቡጢ ነው። እናቴ ይህን አታውቅም ነበር።

እናቴ ሶልያና ትባላለች። በእሷ ዘመን ሕፃኑ ሁሉ ሶልያና፣ ናኦል፣ ማክቤል ነበር የሚባለው፤ ዛሬ እነዚህን ስሞች ስትሰሙ ምርኩዝ የያዘ ሰው ነው የሚታያችሁ። እኔ ስወለድ ደግሞ የጥንቱ ስም ተመልሶ መጥቶ ነበርና ትርንጎ አለችኝ። ቤቷ ጋይንት ነበር። ባለፈው ክረምት አፋፉ ከነቤቱ ተንዶ ወረደ፤ እሷ ለቅሶ ሄዳ ነበርና ተረፈች። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። በዚያው ሰሞን እኔ ማርገዜን ነገርኳት፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ። ስልኩ ውስጥ ብዙ አለቀሰችና «በይ እንግዲህ፣ ላርስሽ እመጣለሁ» አለች።

ባለቤቴ አንዳርጌ ገላጣ ተወልዶ ገላጣ ያደገ ነው፤ ባሕሩ ላይ ውሃ መሳቢያው ጀልባ ላይ ይሠራል፣ ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። ልታርሰኝ ልትመጣ ነው ስለው ግራ ገባው። ምኑን ነው የምታርሰው፣ እኛ ምን መሬት አለን፣ አፈሩስ የት አለ ብሎ ጠየቀኝ፣ ከልቡ። ሳቄ ሲያልቅ አስረዳሁት። አራስ ሴት ትታረሳለች፣ እናቷ ወይ አክስቷ መጥታ ታጥባታለች፣ ታበላታለች፣ ታስተኛታለች አልኩት። ለስንት ጊዜ አለኝ። እስክትጠነክር አልኩት። አላመነኝም። እውነቱን ነው፣ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ገላጣን የቆረቆሩት ሥራ ፍለጋ የወረዱ ወጣቶች ናቸው፤ እናቱን ይዞ የመጣ አልነበረም። ሽማግሌ የምንላቸውም እዚሁ ያረጁ ናቸው።

እናቴ ስትመጣ የተቀበላት የሰፈራችን የገበታ ተቆጣጣሪ ጋሽ ማክቤል ነው። ጠዋት ጠዋት በየጣሪያው እየዞረ የገበታው ጥግ ላይ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ያደርጋል፤ ቀለሙ ከደበዘዘ ገበታው ነቅቷል ማለት ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ደንብ ላይ ቀልድ አያውቅም። ሻንጣዋን ተቀበላትና እስከ ደጃችን ተሸከመላት። እሷም ደስ ብሏት ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እያየ «ጥላ ከለላ ይሁንልህ፣ ወንድሜ» ብላ መረቀችው።

አንዲት ሴት የልጇን ጆሮ በእጇ ደፈነች። እኔ ሆዴን ይዤ እየሮጥኩ የደጋ ምርቃት ነው፣ የደጋ ምርቃት ነው እያልኩ መሀል ገባሁ። ጋሽ ማክቤል ሻንጣውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና በጥርሱ መሀል «አሜን» አለ። እናቴ ቤት ከገባን በኋላ ያ ሰውዬ ጤና የለውም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

ደንቡ እንዲህ ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ዓመት እስኪሞላው እንግዳ ነው። እንግዳ ውሃ ላይ ጥላ ከጣለ ከከተማው እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል። የሚወስነው የሰፈሩ ጉባኤ አይደለም፣ በጥፋቱ የተጎዳው ሰው ነው፤ ይቆይ ወይም ይሂድ ይላል፣ አንድ ቃል ነው። የሚሄደው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ደንቡ አይናገርም።

የካቲት ላይ ወለድኩ፣ ሴት። እናቴ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤቱን ተረከበችው። መጀመሪያ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች። የገላጣ መስኮት መዝጊያ የለውምና በሚስማር ነው የመታችው። ቤቱ በቀን ጨለመ፤ ለዓመታት እንደዚያ ያለ ጨለማ በቀን አላየሁም ነበር። ትራሴ ሥር ቢላ አደረገች። ጭንቅላቴን በሻሽ ጠፍንጋ አሰረችልኝ። ገንፎ ታገነፋለች፣ ታጎርሰኛለች፣ ወገቤን ታሸኛለች፣ ሕፃኗን ታጥባለች፣ አልጋ ላይ ቀና ካልኩ ትቆጣለች። ምን እደብቃለሁ፣ ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ሰው ተንከባክቦኝ አያውቅም። እንደዚያ ደክሞኝ መኖሬንም ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ተኝቼ አልጠግብም ነበር።

እዚህ የወለደች ሴት በሦስተኛው ቀን ጣሪያ ላይ ትወጣለች። ክፋት አይደለም፣ ገበታው አይጠብቅም። የእኔን ገበታ ግን እናቴ ያዘችው። ከመውለዴ በፊት ሁሉንም አሳይቻት ነበር፤ እንዴት እንደሚሞላ፣ እንዴት እንደሚቀና፣ ከቀትር በኋላ አፉ እንዴት እንደሚከፈት። ብርሃን ላይ አትቁሚ፣ እጅሽን አትንከሪ፣ በምዕራብ ውረጂ አልኳት። አትክደኚው አላልኳትም። ገላጣ ውስጥ ገበታ አትክደን ተብሎ የሚነገረው ሰው የለም፤ እሳት አትጨብጥ እንደማለት ነው።

ሊጠይቁኝ የሚመጡትን ጎረቤቶች በር ላይ ታስቆማቸዋለች። ፀሐይ ላይ የመጣ ሰው ሳይበርድለት አራስ ዘንድ አይገባም፣ ቁጭ በሉ ትላቸዋለች። የገላጣ ሰው ፀሐይ ላይ በመሆኑ ተወቅሶ ስለማያውቅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ይተያያል። አብዛኞቹ ስቀው ተቀበሏት። ያልሳቀችው ላቀች ብቻ ናት።

ላቀች የጫጩት ቤቱ ኃላፊ ናት፤ ቤቷ ከቤታችን ቀጥሎ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት። አንድ ጊዜ ገበታዬ ጥግ ላይ አረንጓዴ ነገር አገኘች ብላ ሰፈር ሁሉ እያየ ደግሜ እንድፈገፍግ አድርጋኛለች፤ ያን ቀን አልረሳላትም። ልጅ አላት፣ ወንድ። አባቱ ወደ ሌላ ወደብ ሄዶ በዚያው ቀርቷል። ልትጠይቀኝ መጥታ እናቴ ቁጭ በይ ስትላት አልተቀመጠችም። በሩ ላይ ቆማ ወደ ጨለማው፣ ወደ ታሰረው ጭንቅላቴ፣ አፌ አጠገብ ወዳለው የገንፎ ማንኪያ አፍጥጣ አየች። ታማለች እንዴ ብላ ጠየቀች። እናቴ አልታመመችም፣ አራስ ናት አለቻት። ላቀች ያመጣችውን ደረቅ ዓሣ መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች። እኔ በሆዴ፣ ቅምጥል ብላ እየናቀችኝ ነው አልኩ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጫጩቶቹ ማለቅ ጀመሩ። ወሬውን ያመጣችው ከታች ያለችው ጎረቤታችን ናት። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት፣ በማግስቱ ግማሹ፣ በሦስተኛው ቀን ገንዳው ላዩ ነጭ ሆነ። ላቀች ገንዳው ዳር ቆማ በእጇ እየሰበሰበች ነው፣ መረብ እንስጥሽ ቢሏት እንቢ አለች ብላ ነገረችን። እናቴ ከንፈሯን መጠጠችና እግዚአብሔር ይተካላት፣ እንዴት ያለ ክፉ በሽታ ነው አለች። ከዚያ ውሃ ልትሞላ ጣሪያ ላይ ወጣች።

ጋሽ ማክቤል በየጠዋቱ ሲዞር ሁሉም ገበታ ነቅቶ ነው የሚያገኘው። የእኛም ጭምር። በዚያን ቀን ግን ግራ ስለገባው በቀትር ዞረ። እኔ እያንቀላፋሁ ከላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ፣ ቆመ፣ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ በመሰላሉ ወርዶ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። እጁ ላይ የእናቴ ሰሌን አለ፤ ለቅሶ ይዛው ሄዳ የተረፈላትና ከጋይንት ጠቅልላ ያመጣችው፣ ሰፊው። ውሃ ያንጠባጥባል።

«ይህን ገበታው ላይ ያደረገው ማነው?» አለ።

እናቴ ገንፎ እያማሰለች ነበር። ቀና ብላም አላየችው። «እኔ ነኝ» አለች። «ሴት ባለችበት ቤት ውሃ ክፍቱን ይውላል እንዴ? ደግሞ አራስ አለች። ፀሐይ ሲመታው የዋለ ውሃ ምች ያመጣባታል። ፀሐይዋ ስትበረታ እከድነዋለሁ፣ ከቀትር በኋላ ልለቀው ስል እገልጥለታለሁ።»

ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ተረዳሁት፤ ጠዋት ጋሽ ማክቤል ቀለሙን ጠብ አድርጎ ይሄዳል፣ ከዚያ እሷ ትወጣና ትከድናለች። ለእኔ ብላ። ደጋ ሳለሁ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፤ ፀሐይ አራስ ሴት ላይ የምታደርገውን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ገላጣ ውስጥ ግን ምች የሚለውን ቃል ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም። አንዳርጌን ብትጠይቁት ምን እንደሆነ አያውቅም።

ጋሽ ማክቤል ግን ልጅነቱ ደጋ ነውና ያውቀዋል። «ምች» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። ሊቆጣ ነበር የመጣው፤ ቁጣው የት እንደገባ እንጃ። ሰሌኑን አጣጥፎ መሬት ላይ አስቀመጠና «እትዬ ሶልያና፣ ጫጩቶቹ አልቀዋል» አላት።

እሷ መጀመሪያ አልገባትም። ማንኪያውን እንደያዘች ቆመች፣ እሱ ቀስ እያለ አስረዳት፤ ገበታው ብርሃን ካጣ እንደሚተኛ፣ የተኛ ገበታ ውሃ እንደማያነጻ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለዋወጥ አየሁ። ሲጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሕፃኗ ነው። እሱ በምን ውሃ እንደምታጥባት ጠየቃት፣ አፍልታ እንደሆነ ነገረችው፣ እንግዲያው ደህና ናት አላት። ያን ጊዜ ዱካው ላይ ቁጭ አለች። ገንፎው አረረ፤ ማንም አላወጣውም።

ጉባኤ የሚቆመው ጥፋቱ በተገኘበት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ልነሳ ስል እናቴ ከለከለችኝ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ብቻዋን ወጣች። በሩ ስንጥቅ ነበረውና ሁሉንም በዚያ ሰማሁ። ያሳዘነቻቸው ነበሩ። ዛሬ ለአንዷ እናት ይቅር ከተባለ ነገ ለሁሉም ይባላል፣ ጠፍተን ነው የምንቀረው ያሉም ነበሩ፣ ውሸት አይደለም። ለወራት ደረቅ ዓሣ ልንበላ ነው፣ ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸው። ጋሽ ማክቤል የምትይው አለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አጥፍቻለሁ» አለች። «ለልጄ ብዬ ነው፣ የእናንተን ልጆች ጉሮሮ መዝጋቴን አላወቅኩም። ይቅር በሉኝ ለማለት አፍ የለኝም።»

ከዚህ በላይ መስማት አልቻልኩም። ብድግ ብዬ፣ ጭንቅላቴ እንደታሰረ፣ በባዶ እግሬ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። የእኔ ጥፋት ነው፣ እኔ ነኝ ያልነገርኳት ልላቸው ነበር። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። እናቴ ዘወር ብላ አየችኝ። ፊት ለፊቷ ሰፈሩ ሁሉ ቆሟል፣ እየተፈረደባት ነው፣ ጭራሽ ረሳችው። «ግቢ» አለችኝ፣ እንደ ልጅ እየተቆጣች። «ፀሐይ ላይ አትቁሚ። ግቢ እላለሁ!» ነጠላዋን አውልቃ በራሴ ላይ ጣለችብኝና እየገፋች አስገባችኝ።

ከዚያ ላቀችን ጠየቋት፣ የተጎዳችው እሷ ናትና። ነገ ጠዋት እናገራለሁ አለች። ጉባኤው ተበተነ።

ያን ማታ አንዳርጌ ከጀልባው በሬዲዮ ደወለ። ላቀችን ልለምናት አለ። ልመና የምትወድ ሴት አይደለችም አልኩት። እንግዲያው እኔም አብሬ እሄዳለሁ አለ። የት እንደምንሄድ ሁለታችንም አልተናገርንም። እናቴ በጎን ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር፤ ሰሌኑን ግን አልያዘችውም። ልብሷን አጣጥፋ ስትጨርስ ውሃ አሞቀችና ጠራችኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሕፃኗን እንዳጥባት ፈቅዳልኝ አታውቅም። አሁን እጄን ይዛ አስተማረችኝ። አንገቷን በመዳፍሽ፣ እንዲህ። ውሃውን በክርንሽ ሞክሪው፣ ጣት ይዋሻል። እጇንና እግሯን አቆላልፈሽ ሳቢ፣ አትፍሪ፣ አትሰበርም። ከታጠበች በኋላ ጀርባዋን ወደ ላይ፣ ቅቤውን በጣም ሳታበዢ። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር። እኔ አለቀስኩ፣ ዝም ብዬ አይደለም፣ ጮክ ብዬ።

«እማ፣ አትሄጂም» አልኳት።

«የሰው አገር ነው፣ ትርንጎ» አለች። «የሰው ጉሮሮ ዘግቼ እንዴት እቀመጣለሁ? አንቺ ብቻ ተኚ። ቢያንስ አርባሽ እስኪወጣ ጣሪያ ላይ አትውጪ፤ ለምኚያቸው፣ ለእኔ ስትይ።»

እሺ አልኳት። እንደማልችል ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ጠዋት ላቀች መጣች። እኔ ሌሊቱን ስድብ ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት፤ ደህና ደህና ስድቦች ነበሩኝ። ጋሽ ማክቤል ከኋላዋ መጥቶ ውጭ ቆመ፣ ቃሏን ለሰፈሩ የሚያደርሰው እሱ ነው። እሷ ገባችና ጨለማው መሀል ቆመች፣ ዓይኗ እስኪለምድ እያርገበገበች። እጇ የዓሣ ሽታ ነበረው። እናቴ ዱካ አቀረበችላት፣ አልተቀመጠችም። በሩ አጠገብ የታሰረውን ሻንጣ አየች።

«እኔ ስወልድ» አለች፣ ማንን እንደምታናግር ሳይታወቅ፣ «በሦስተኛው ቀን ገበታ ሞልቻለሁ። መሰላሉ ላይ ደም ይፈሰኝ ነበር።»

«ማን ነበረሽ?» አለቻት እናቴ።

«ማንም። እናቴ ደጋ ነበረች። እመጣለሁ እያለች ሞተች።»

ከስድቦቼ አንዱም አልመጣልኝም።

«ትናንት ይቺን» አለች ላቀች በአገጯ ወደ እኔ እየጠቆመች፣ «ፀሐይ ላይ አትቁሚ አልሻት። እኛም ልጆቻችንን እንደዚያ እንላለን። ለገበታው ብለን ነው የምንላቸው። አንቺ ግን ለእሷ ብለሽ ነው ያልሻት።» ቆም አለች። «አራስ ሴት ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለች?»

«ትበላለች፣ ትተኛለች» አለች እናቴ። «ሌላው የእኔ ነው።»

«ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው» አለች ላቀች። «አልፎብኛል፣ አይደል?»

እናቴ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታላት ጀመር። ያቺ ሰፈር ሁሉ የሚፈራት ሴት እግሯን እንደ ሕፃን አነሳችላት፣ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። እናቴ ክንዷን ይዛ ወደ አልጋው አመጣቻትና «ትርንጎ፣ ፈቀቅ በይላት» አለችኝ።

ፈቀቅ አልኩ። አልጋው ጠባብ ነው፣ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው፤ አጥንት ብቻ ናት። እናቴ ሻሽ ፈልጋ ጭንቅላቷን አሰረችላት፣ እኔን ባሰረችኝ ዓይነት፣ ጠበቅ አድርጋ።

ከውጭ ጋሽ ማክቤል፣ ሰፈሩ እየጠበቀ ነው፣ ምን ልበላቸው ብሎ ተጣራ።

«አራስ ቤት ነው፣ ድምፅህን ቀንስ» አለችው እናቴ።

ላቀች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። «ትቆይ በላቸው» አለች። ሽማግሌው ሰምቶ ይሁን አልሰማም መጀመሪያ አላወቅኩም፤ ከዚያ ኮቴው ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ከደጁ ራቀ። ላቀች ታለቅስ ጀመር፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ አልጋው ብቻ እየተንቀጠቀጠ። እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግኩ። እናቴ እኔን እንደምታሸኝ አሸኋት።

ያን ጊዜ ሕፃኗ ነቃችና አለቀሰች። ላቀች ከልማድ ቀና አለች፣ እግሯ ወለሉን ሊነካ ጥቂት ቀረው። እናቴ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስተኛቻት።

«ተኚ» አለቻት። «እኔ አለሁ።»

ላቀች ተኛች።